ስም የሚሰፉ እናቶች

በዚህ ዓምድ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ሕፃናት ሳልና ስለ አዛውንቶች መውደቅ ስንጨዋወት ቆይተናል። የሚደውሉልኝ አንባቢዎችም በአብዛኛው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ባለፈው ወር የደወሉልኝ፣ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የሚበልጡ እናት ግን ስለ ጉልበታቸው ቁርጥማት ካወጉኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌላ ነገር አነሡ። አሜሪካን አገር ተወልዶ ያደገ የ19 ዓመት የልጅ ልጅ አላቸው። ወንድ ልጅ ተብሎ ያደገው ይኸው ልጅ በፋሲካ ሰሞን ለወላጆቹ «እኔ ሴት ነኝ» ብሎ ተናገረ። አባት በዚያው ሌሊት ከቤት አስወጣው። «ሲስተርዬ፣ ይሄ ነገር መድኃኒት አለው ወይ?» አሉኝ እትዬ።

ጉዳዩ በእኛ አገር እንኳን በጋዜጣ በቤት ውስጥም እንደማይነሣ አውቃለሁ። እምነታችን ምን እንደሚል ካህኑና ሼሁ ይነግሩናል። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ድርጊትን ያስቀጣል። እኔ ነርስ ነኝ፤ የተጠየቅሁትም የጤና ጥያቄ ነው። ደግሞም ሕጉ የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው፤ አያት የልጅ ልጇን ስልክ እንዳታነሣ የሚከለክል አንቀጽ እስካሁን አላነበብኩም። ልጆቻችንም ዛሬ በአዲስ አበባ ብቻ አይደሉም፤ በዋሽንግተንም፣ በስቶክሆልምም፣ በቴል አቪቭም አሉን።

የመለስኩላቸው አጭር ነበር። በሽታ አይደለም፤ የሚያድን መድኃኒት መፈለግም ትርፉ ድካም ነው። እኔ ነርስነት በተማርኩበት ዘመን የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ከአእምሮ ሕመሞች ተርታ ይቆጠር ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ግን ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1973፣ ከሕመሞች ዝርዝር አውጥቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በሜይ 17 ቀን 1990 አወጣው። እንደ እትዬ የልጅ ልጅ ያሉት፣ ማለትም ሲወለዱ ከተባለላቸው ጾታ የተለየ ማንነት እንዳላቸው የሚናገሩት ሰዎች፣ ትራንስጀንደር ይባላሉ። እነሱንም ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው አዲሱ የበሽታዎች መዝገብ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቷቸዋል።

እትዬን ያስጨነቃቸው መድኃኒቱ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን «በዚያው ሌሊት አስወጣው» ያሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኬትሊን ራያን የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው «ፔዲያትሪክስ» በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። የተጠኑት የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ የሆኑ፣ ከ21 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች ናቸው። በጉርምስና ዕድሜያቸው ቤተሰባቸው እጅግ የገፋቸው፣ ካልተገፉት ወይም ጥቂት ብቻ ከተገፉት ጓደኞቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከራቸው ነገር 8.4 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። መግፋት የተባለውም ማባረር ብቻ አይደለም። መስደብ፣ ከዘመድ ግብዣ ማስቀረት፣ «አንገቴን አስደፋኸኝ» ማለት፣ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል እንዳይተነፍስ መከልከልም አለበት። የመጨረሻውን አስምሩበት። ብዙ ቤተሰብ ልጁን አላባረርኩም ብሎ ይጽናናል፤ አፉን ግን ዘግቶበታል።

አሜሪካም ቢሆን ይህ ነገር ሁልጊዜ በነጻነት የሚወራበት አገር አልነበረም። ወደ 1972 ልውሰዳችሁ። በኒው ዮርክ ከተማ፣ ኩዊንስ በሚባለው ክፍል፣ ጂን ማንፎርድ የተባሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው የጥርስ ሐኪም ናቸው። ሰልፍና ጩኸት የማይወዱ ዝምተኛ ሴት ነበሩ ይባላል። ልጃቸው ሞርቲ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ በኒው ዮርክ ግዛት ሕግ ወንጀል ነው፤ ሕጉ በፍርድ ቤት የተሻረው በ1980 ነው። በኤፕሪል 1972 ሞርቲና ጓደኞቹ ፖለቲከኞችና ጋዜጠኞች በተሰበሰቡበት የሆቴል ግብዣ ላይ ወረቀት ሊበትኑ ገቡ፤ ክፉኛም ተደበደቡ። ፖሊስ አልደረሰላቸውም።

እናት ምን አደረጉ? ደብዳቤ ጻፉ። ለ«ኒው ዮርክ ፖስት» ጋዜጣ በስማቸው ፈርመው፣ ፖሊስ ቆሞ ማየቱን ወቅሰው፣ እንዲህ ያለ ልጅ እንዳላቸውና እንደሚወዱት አስታወቁ። ደብዳቤው በኤፕሪል 29 ወጣ። ጋዜጣውን የሚያነብቡት የትምህርት ቤት ባልደረቦቻቸው፣ የተማሪዎቻቸው ወላጆችና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። መምህርትን ሥራ ሊያሳጣ የሚችል ነገር እኮ ነው።

በጁን ወር በከተማው በተደረገው ሰልፍ ላይ ወላጆች ለልጆቻቸው እንዲቆሙ የሚጠይቅ በእጅ የተጻፈ ሰሌዳ ይዘው ከልጃቸው ጎን ተጓዙ። መንገደኛው ሁሉ ሲጮኽና ሲያጨበጭብ፣ ጭብጨባው ከኋላቸው ለሚመጡት ለዶክተር ስፖክ መሰላቸው። ዶክተር ስፖክን ከእናንተ መካከል ሕፃን በመጽሐፍ ያሳደጋችሁ ታስታውሷቸዋላችሁ፤ ዝነኛው የልጆች ሐኪም ናቸው። ጭብጨባው ግን ለመምህርቷ ነበር። ወጣቶች እየሮጡ መጥተው አቀፏቸው። «እባክዎን እናቴን ያነጋግሩልኝ» እያሉም ለመኗቸው። እኔን ከታሪኩ ሁሉ የሚነካኝ ይህ ነው። እነዚያ ልጆች የጠየቁት ገንዘብ አይደለም፣ የሕግ ጠበቃም አይደለም፤ ከእናታቸው ጋር የምታወራላቸው ሌላ እናት ነው።

በማርች 11 ቀን 1973 በአንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 20 ያህል ሰዎች ተቀመጡ። ወላጆች ናቸው። አንዱ ሲያወራ ሌላው ያለቅሳል፣ ሌላው ይቀጥላል፤ እንደ እኛ ዕድር ወይም እንደ ሦስተኛው ቀን ለቅሶ አስቡት። ከዚያች ጉባኤ ዛሬ ፒፍላግ የሚባለውና በመላው አሜሪካ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅርንጫፎች ያሉት የወላጆች ማኅበር ተወለደ። ሞርቲ በ1992 ከኤድስ ጋር በተያያዘ ሕመም አረፈ። እናቱ ትልቁን ወንድ ልጃቸውንም ቀደም ብለው ቀብረው ነበር። እሳቸው በ2013፣ በ92 ዓመታቸው አረፉ።

ኤድስ ካልሁ አይቀር በሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔም ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚያ ነውና።

የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል በሎስ አንጀለስ ስለታመሙ አምስት ወጣት ወንዶች የመጀመሪያውን ዘገባ ያወጣው በጁን 5 ቀን 1981 ነው። ሕመሙ መጀመሪያ የታየው በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ዘንድ ስለነበር መንግሥት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ፕሬዚዳንት ሬጋን በጉዳዩ ላይ የመጀመሪያውን ትልቅ ንግግር ያደረጉት በሜይ 1987 ሲሆን፣ እስከዚያ ከ20,000 በላይ አሜሪካውያን ሞተዋል። በየሆስፒታሉ ምግብ በር ላይ አስቀምጠው የሚሄዱ ሠራተኞች ነበሩ። በዚህ መካከል ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ክሊፍ ሞሪሰን የተባሉ ነርስ በ1983 አንድ ክፍል አደራጁ፤ 5ቢ ይባላል። ነርሶቹ በፈቃዳቸው የገቡ ነበሩ። በሽተኛውን በባዶ እጅ ይነኩታል፣ አልጋው ላይ ተቀምጠው ያወሩታል፣ ማን ቤተሰቡ እንደሆነም ራሱ በሽተኛው እንዲናገር ይፈቅዱለታል። የሙያ ባልደረቦቼ ስለሆኑ ይሆናል፣ ስለ ነርሶች ካነበብኩት ሁሉ እንደዚህ ያኮራኝ የለም።

በእኛ አገር ቫይረሱ መኖሩ በ1984፣ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ደግሞ በ1986 እ.ኤ.አ. ተመዘገቡ። የእኛዎቹ ሌላ ዓይነት ሕሙማን ነበሩ፤ ባልና ሚስት፣ ሾፌር፣ ወታደር፣ ቡና ቤት የምትሠራ ልጅ። ዝምታው ግን አንድ ነበር። «አመንምን» ይባል የነበረበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ? ተኝቶ የከረመውን ሰው «በድንገተኛ ሕመም» ብለን ስንቀብር፣ ሟቹን ያስታመመች ጓደኛው በለቅሶው ላይ ከኋላ ስትቀመጥ፣ ልጆቹ አባታቸው በምን እንደሞተ ሳይነገራቸው ሲያድጉ። እኔ በሠራሁበት ክፍል አንዲት እናት ልጇን ስድስት ሳምንት አስታምማ ስትቀብር ስለ ሕመሙ ለማንም አልተናገረችም። ከሁለት ዓመት በኋላ መንገድ ላይ አግኝታኝ ቆማ ስለ ልጇ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችኝ። ምን ይወድ እንደነበር፣ እንዴት ይስቅ እንደነበር። የምታወራለት ሌላ ሰው አልነበራትም።

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ክሊቭ ጆንስ የተባለ ሰው ለዚህ መላ አገኘ። በኖቬምበር 1985 በተደረገ የሻማ ሰልፍ ላይ ሰዎች በኤድስ የሞቱባቸውን ዘመዶችና ወዳጆች ስም በካርቶን ጽፈው ከአንድ የመንግሥት ሕንፃ ግድግዳ ላይ ለጠፉ። ክሊቭ ራቅ ብሎ ሲያየው የአያቱን ድሪቶ መሰለው። እኛ ድሪቶ ስንል የድሃ ልብስ ነው። እዚያ ግን አያቶች ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሰፍተው ለልጅ ልጅ የሚያወርሱት፣ ክብር ያለው የአልጋ ልብስ ነው። ከዚህ ሐሳብ ተነሥቶ ለእያንዳንዱ ሟች 90 ሳንቲ ሜትር በ1 ሜትር ከ80 የሆነ ጨርቅ እንዲሰፋ ተደረገ። የመቃብር ልክ ነው። እናቶች የልጃቸውን ሸሚዝ ቀደው ሰፉ፤ አሻንጉሊት፣ ሜዳልያ፣ ጂንስ ሱሪ፣ የጋብቻ ቀለበት የሰፉም አሉ። የሚሰፋ ዘመድ የሌለውን ጎረቤቱና ነርሱ ሰፋለት።

በኦክቶበር 11 ቀን 1987 ጎሕ ሲቀድ 1,920 ጨርቆች በዋሽንግተን አደባባይ ተዘረጉ። ነጭ የለበሱ ሰዎች እጥፋቱን ሲፈቱ፣ ስሞቹ በድምፅ ማጉያ አንድ በአንድ ይነበቡ ነበር። በዚያ ሰንበት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው መጥቶ አየው።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ በኦክቶበር 14፣ እዚያው ከተማ የተሰበሰበው የአሜሪካ ሴኔት ድምፅ ሰጠ። ሴናተር ጄሲ ሄልምስ ያቀረቡት ማሻሻያ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ያበረታታል ለሚባል የኤድስ ትምህርት እንዳይውል የሚያግድ ነው። 94 ደገፉ፣ 2 ተቃወሙ። በግልጽ ካልተነገራቸው የሚሞቱትን ሰዎች በግልጽ እንዳታስተምሯቸው ማለት ነው። እንደ ጤና ሠራተኛ ይህን ለመረዳት ዛሬም ያቅተኛል።

የእኚሁ ሴናተር ሌላው ሥራ እኛም ቤት ገብቷል። በዚያው በ1987 ባቀረቡት ሐሳብ መነሻ ቫይረሱ በደሙ ያለበት የውጭ ሰው አሜሪካ እንዳይገባ ተከለከለ። ክልከላው የተነሣው በጃንዋሪ 2010 ነው። ዲቪ ደርሷቸው፣ ዕቃ ሸጠው፣ የስንብት ግብዣ ተደርጎላቸው፣ በደም ምርመራ ውጤት የቀሩትን ስንት ሰዎች አውቃለሁ። ለጎረቤት «ወረቀቱ ተበላሸ» ይሉ ነበር። በአንድ ሕዝብ ላይ የወጣ የጥላቻ ሕግ እዚያው አይቀርም፤ ዞሮ የማን ቤት እንደሚገባ አይታወቅም።

ድሪቶው ግን አደገ። በ1996 ሙሉውን ሲዘረጉት አደባባዩን ከዳር እስከ ዳር ሸፈነው። ዛሬ 50,000 ያህል ጨርቅና ከ110,000 በላይ ስም አለበት፤ ክብደቱ 54 ቶን ይሆናል። ከስሞቹ አንዳንዶቹ የአባት ስም የላቸውም። የሟቹ ቤተሰብ ስሙ እንዳይጻፍ ስለጠየቀ ወይም ስለፈራ፣ ወዳጆቹ የመጀመሪያውን ስም ብቻ ሰፍተው አስቀመጡት። እንግዲህ ለአንድ ሰው የአባቱን ስም መንፈግ ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ስለ አያቶች ካነሣን የሲልቪያ ሪቬራንም ልንገራችሁ። በ1951 ኒው ዮርክ ተወለደች፤ ወንድ ተብላ ነው ያደገችው። አባቷ ጥሏት ሄደ፣ እናቷ በሦስት ዓመቷ ራሷን አጠፋች፣ ያሳደጓት አያቷ ናቸው። በአለባበሷና በሁኔታዋ ከአያቷ ጋር እየተጋጨች በ11 ዓመቷ ገደማ ከቤት ወጣች፤ ጎዳና ላይ አደረች። በኋላ ማርሻ ጆንሰን ከምትባል ጓደኛዋ ጋር ሆና በ1970 ከየቤታቸው ለተባረሩ እንደሷ ላሉ ልጆች ማደሪያ ከፈቱ። ራሳቸው በወጉ የሚበሉት ሳይኖራቸው፣ ሌሎችን እንደ እናት ሰበሰቡ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ኤሪክ ማርከስ የተባለ ጋዜጠኛ ቴፕ መቅረጫ ይዞ በየቤቱ እየዞረ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ያነጋግር ነበር። ሲልቪያን ቀረጸ። መምህርቷን ጂን ማንፎርድንና ልጃቸው ሞርቲንም፣ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ቀረጸ። ዛሬ ሦስቱም በሕይወት የሉም፤ ድምፃቸው ግን ይሰማል። እናቲቱ ያንን ጭብጨባ በራሳቸው አንደበት ያወሩታል።

ይህን የማነሣው አሁን ስለሆነ ነው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጃንዋሪ 20 ቀን 2025፣ ሥልጣን በያዙበት ዕለት፣ መንግሥት ሲወለዱ ካለው ወንድነትና ሴትነት በቀር ሌላ እንዳያውቅ አዘዙ። በፌብሩዋሪ የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ስቶንዎል ስለተባለው መታሰቢያ ከሚናገረው ገጹ ላይ ትራንስጀንደር የሚለውን ቃል አጠፋ። ስቶንዎል እነዚህ ሰዎች በ1969 በፖሊስ ላይ የተነሡበት ቤት ነው። በማግስቱ ሰዎች የጠፋውን ቃል በካርቶን ጽፈው እቦታው ላይ ቆሙ። በጁላይ ደግሞ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው በሚደውልበት የ988 መስመር ላይ ለእነዚህ ወጣቶች ተለይቶ የነበረው ምርጫ ተዘጋ። ስለዚህ የእትዬ የልጅ ልጅ ያለው ከቤት ተባርሮ፣ ከመዝገብ ተፍቆ፣ ለእሱ የተለየው መስመር በተዘጋበት ጊዜ ላይ ነው። የቀረ ስልክ ቢኖር የአያት ስልክ ነው።

እትዬ ይህን ሁሉ ሰምተው የጠየቁኝ ጥያቄ ያላሰብኩት ነበር። «ልደውል፤ ግን አንተ ልበለው ወይስ አንቺ?» አሉኝ። አማርኛችን እዚህ ላይ ጨካኝ ነው፤ አንዲት ግሥ ሳይመርጡ አያልፉም። እንግሊዝኛ ሁለተኛውን ሰው ሲያነጋግሩ እንዲህ አያስጨንቅም። ሲቸግረኝ «አንቱ ይበሏቸዋ» አልኳቸው፤ አንቱ ወንድም ሴትም የለውም። ሳቁ። ከዚያ ደግሞ «ሆዴ»ም አለ፣ «ዓለሜ»ም አለ፣ «ነፍሴ»ም አለ፤ እነሱም ጾታ የላቸውም። አያት ለልጅ ልጅ የምትጠራባቸው ስሞች አብዛኞቹ እንዲያ ናቸው።

ደወሉ። በሳምንቱ ለእኔ ሲነግሩኝ አንዴ «አለኝ» አንዴ «አለችኝ» ይላሉ፤ አላረምኳቸውም። ልጁ በጓደኛ ሶፋ ላይ እያደረ ነው፤ ሥራ ግን አልተወም። ምክር አልሰጡም፣ አልገሠጹም፣ ገና አልገባቸውምም። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ» ብቻ አሉ። ሁለት ሰዓት አወሩ። አባትየው እስካሁን አልተመለሰም፤ በግድ እንዳያስታርቁ መከርኳቸው። መጀመሪያ ልጁ የሚያድርበት፣ ቀጥሎ ስልክ የማይቋረጥበት፣ ዕርቁ ከዚያ በኋላ ነው። የራያን ቡድን ከሃይማኖተኛ ቤተሰቦች ጋርም ይሠራል። የሚነግሯቸውም እምነታችሁን ጣሉ ሳይሆን፣ ልጃችሁን የሚጎዳውን ንግግር አቁሙ ነው።

እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ፣ በዚህም በዚያም አገር፣ አንድ ነገር ብቻ በጥብቅ እንድትከታተሉ አደራ። እንቅልፍ ያጣ፣ የሚወደውን ዕቃ ለጓደኛ የሚያድል፣ «ከእኔ ትገላገላላችሁ» የሚል ልጅ ካለ ለነገ አይባልም። «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በልቡ አይዘራበትም፤ ይህ በብዙ ጥናት የታየ ነው። ብቻውን አታሳድሩት፤ ክኒንና መርዝ ከአጠገቡ አርቁ፤ በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። አሜሪካ ላለ 988 ዛሬም ለሁሉም ይሠራል፤ የተዘጋው ልዩው ምርጫ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ጀመርነው የስኳር ሕሙማን የእግር ቁስል እንመለሳለን። እትዬ ደግሞ ለጉልበታቸው የሞቀ ውኃ በላስቲክ እንዲይዙና ደረጃ እንዲቀንሱ ነግሬያቸዋለሁ፤ አልሰሙኝም።